ዋና እወዳለሁ ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማንጎ ስልጥ፣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ መክሊት እንግሊዝኛዋን ጮክ ብላ ስትሸመድድ ሰማኋት። «ማይ ሆቢ ኢዝ ስዊሚንግ፤ ማይ ሆቢ ኢዝ ስዊሚንግ…»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ልጄ በሕይወቷ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የጠለቀ ውኃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። እኔም በእሷ ዕድሜ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነበር ያጠናሁት፤ ያውም ሚኤሶ፣ የመጠጥ ውኃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት አገር። መምህራችን አለንጋቸውን ይዘው «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያህ ምንድን ነው?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ዋናተኛ ይሆን ነበር። ያን ያህል ዋናተኛ ያፈራ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ የለም። የጎደለን ውኃ ብቻ ነው።

ይህ ዓረፍተ ነገር ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሃያ ዓመት የሞላኝ ጅቡቲ ሆኜ ነው። አምቡሊ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ግቢ ዘበኛም አትክልተኛም ነበርኩ። አትክልት ስል ሁለት ቁጥቋጦ ነው፤ የቀረው አሸዋ ስለሆነ አሸዋውን አጠጣለሁ። ያስቀጠሩኝ የቤቱ ወጥ ሠሪ እትዬ አልማዝ ናቸው፣ ያገሬ ሰው። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። ከዚያ ግቢ ከተባረርኩ፣ ወረቀት የሌለውን ሰው እየለቀመ ወደ ድንበር የሚወስደው መኪና ደጅ ላይ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ፖሊስ ነበር፤ ዳቦ ሻጩም ጭምር።

አሠሪያችን ሚስተር ራንዲ ደግሞ ጥያቄ ካልጠየቀ የማያድር ሰው! በዚያ እንቁላል በሚጠብስ ፀሐይ፣ ማንም ሳያባርረው፣ ቁምጣ ለብሶ ይሮጣል። የለውዝ ቅቤ በጣቱ ይልሳል። ወተት ውስጥ ሳይቀር በረዶ ይጨምራል። ዓርብ ዓርብ እትዬ አልማዝን ከምድጃው አስነስቶ ሥጋውን ራሱ ይጠብሳል፤ እሳቸውም «ምን አጠፋሁ?» ብለው ያለቅሳሉ። ከዚያ እኔን ይዞ ይጠይቃል፤ ከቀለም የትኛውን ትወዳለህ? ከምግብስ? ከወቅትስ? እኔ ባደግሁበት ቤት ምን እንደምወድ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የቀረበውን እበላለሁ፣ የተገዛልኝን እለብሳለሁ። ቃሌን እየተቀበለ ነው ብዬ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ቀን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ፣ ኅዳር ገደማ፣ «ሆቢህ ምንድን ነው?» አለኝ።

አለንጋው ታየኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ «ማይ ሆቢ ኢዝ ስዊሚንግ!» አልኩ።

እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እኔም! ዓርብ አብረን እንሄዳለን» አለ። እነዚህ ሰዎች እወዳለሁ ያሉትን ነገር በእርግጥ እንደሚያደርጉት ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ማድ ቤት ገብቼ ለእትዬ አልማዝ ስነግራቸው ጭልፋውን ጣሉት።

«አንተ ልጅ፣ ዕንቁራሪት ነህ? አልችልም በለው!»

«ዋሸኸኝ ብሎ ቢያባርረኝስ?»

«ከሚባረርና ከሚሰምጥ የቱ ይሻላል?»

«የሰመጠ ሰው ወረቀት አይጠየቅም፣ እትዬ።»

«ቀልድ አንተ! ለእናትህ ምን ብዬ ልንገራት? ያሳደግሽውን ልጅ ዓሣ በላው ልበላት?»

ቀልዱ ከአፌ ቢወጣም፣ እስከ ዓርብ ድረስ እህል አልዋጥልህ አለኝ። ካርቲየ 6 ከሚባለው ሰፈር፣ ከየመኖች ምግብ ቤት ሚስተር ራንዲ ያመጣውን ጥብስ ዓሣ ሳይ እንኳ፣ ዓሣው መልሶ የሚያየኝ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ከወደቡ ማዶ፣ ዓሣ አጥማጆች ከሚቆሙበት፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ወጣን። ጀልባዋን የሚነዳው ዓሊ የሚባል ጎልማሳ አፋር ነው። የወደቡ መርከቦች እያነሱ እያነሱ ሄደው ምስር አከሉ። ስንቆም ከሥራችን ያለው ውኃ ጥቁር ሰማያዊ ነበር። በእኔ ግምት ጥልቀቱ ከዚያ እስከ ሚኤሶ ይደርሳል። ሚስተር ራንዲ መነጽሩን አድርጎ ዘሎ ገባና «ና!» አለኝ። ዋናተኛ ነኝ ስላልኩ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ የሰጠኝ የለም።

የጀልባዋን ጠርዝ የሙጥኝ ብዬ ይዤ ቀረሁ። ዓሊ ጣቶቼን አየ።

«ሐበሻ» አለኝ ባማርኛ፣ «ዋና የት ተማርክ?»

«ትምህርት ቤት።»

«የት?»

«ሚኤሶ።»

«ሚኤሶ!» ተንከተከተ። «በባቡር አልፌባታለሁ እኮ! ፍየሎቹ ውኃ ሲያዩ የሚሸሹባት ሚኤሶ?» ከዚያ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «ታዲያ ለምን አትነግረውም?»

«ሥራዬ ነው፣ ዓሊ። ሌላ የለኝም።»

ገመድ አነሳና ወገቤ ላይ፣ ከካናቴራዬ ሥር፣ አሰረኝ። «እንግዲህ ግባ፣ የሚኤሶ ዓሣ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ። አልዋኘሁም፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወረድኩ። ጨው በአፌም በአፍንጫዬም ገባ። ዓይኔን ስገልጥ ከሥሬ አንድ አውቶቡስ ያልፋል፤ ግራጫ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ አፉን የከፈተ አውቶቡስ። ሻርክ ቢሆንም ሰው እንደማይበላ፣ የሚኖረውም በደቃቅ ነገር እንደሆነ፣ በኋላ ነው የነገሩኝ። ያን ጊዜ ግን እናቴን ነበር የጠራሁት፤ ውኃ ውስጥ ሆኜ፣ በሙሉ ድምፄ። ወዲያው ገመዱ ሲሳብ ወገቤ የተቆረጠ መሰለኝና ጀልባዋ ላይ ራሴን አገኘሁት።

ሚስተር ራንዲ እየሳቀ ወጣ። «አየኸው? ምን ዓይነት ጠላቂ ነህ! የሚቀጥለው ዓርብም—» ብሎ ሳይጨርስ ገመዱን አየ። ዓሊን አየ። እኔን አየ።

«አይችልም» አለው ዓሊ፣ ገመዱን እየጠቀለለ።

ነጭ ሰው ከዚያ በላይ ሊነጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ቁጭ አለ። «ልገልህ ነበር እኮ» አለ ደጋግሞ። «ለምን አልነገርከኝም?» የዚህን መልስ መምህራችን አላስጠኑንም።

አላባረረኝም። የእሱ የሥራ ኮንትራት እስኪያልቅ ድረስ አሸዋውን ሳጠጣ ኖርኩ። ነገር ግን ከዚያ ዓርብ ወዲህ ምን እንደምወድ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ቀለምም፣ ምግብም። ፈራ መሰለኝ። መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ሰንበትበት ሲል ግን ቁጥቋጦዎቹ አጠገብ ቆሜ፣ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን በሆዴ አዘጋጅ ጀመር። ዘቢብ ያለበት ሩዝ እወዳለሁ። አረንጓዴ እወዳለሁ። ባቡር ሲመጣ መስማት እወዳለሁ። የሚጠይቀኝ ግን አልመጣም።

በረንዳው ላይ የወደቀውን ቢላዋዬን አንስቼ መክሊትን ጠራኋት።

«ዋናውን ተይው። አንቺ ራስሽ ምንድን ነው የምትወጂው?»

ቀጥ ብላ ቆመች። ጉልበቷን አየሁት። ያን ጉልበት አውቀዋለሁ።

«አባዬ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «መልሱ የትኛው ነው?»

ማንጎውን ቆርጬ ሰጠኋትና እንድታስብበት እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠኋት።