ያልወረደው ፍራሽ

ጎረቤቴ ጎሚስታ ነው። ሰፈርተኛው ጋሽ ትንፋሽ ይለዋል፤ እሱም ከመልመዱ የተነሳ በትክክለኛ ስሙ ሲጠሩት ዞር አይልም። ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከሱ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን የቤት ዕቃ መደብር አለችኝ፤ መጋረጃ፣ ድንኳን፣ ባልዲ፣ ምን የሌለ አለ። ከምሸጠው ሁሉ ራስ ምታት የሚሆንብኝ በአየር የሚነፋው ፍራሽ ነው። እንግዳ የመጣበት ሁሉ ይገዛዋል፤ እንግዳው በማግስቱ ወገቡን ይዞ ሲነሳ ደግሞ እኔን ሊወቅስ ይመጣል።

ስለዚህ ገዢውን ሁሉ ወደ ጋሽ ትንፋሽ መላክ ጀመርኩ። እሱም ነገሩን እንደ ፍርድ ቤት ያዘው። ፍራሹን ይነፋል፣ ውሃ የሞሉ ሦስት ጄሪካኖች ይደረድርበታል፣ ከፍታውን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያሰምርና አንድ ቀን ሙሉ ይተወዋል። «ባዶ ፍራሽ አይመሰክርም» ይላል። «መጋጠሚያው አፉን የሚከፍተው ሸክም ሲያርፍበት ነው።» አየር ማስገቢያው ላይ ሁለት ክዳን የሌለውን ፍራሽ እጁ አይነካውም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንፊያ ሳሳየው ደግሞ ፊቱን ያጨማድዳል፤ «መብራት የጠፋ ቀን እንግዳሽን በአፍሽ ልትነፊለት ነው?» ይለኛል። የሱ ምርጫ በእግር የሚረገጠው ነው።

እውነት መናገሩ ልክ የለውም። ገዢው አጠገቤ ቆሞ ሳለ «ይሄ ሳምንት አይቆይም» ብሎ ስንቴ ሽያጭ አበላሽቶብኛል! ሚስቱ ጥላው የሄደችው በዚህ አፉ ነው ይላሉ። አዲሱን ቀሚሷን አይቶ የተናገረውን በጆሮዬ ሰምቻለሁና አልፈርድባትም።

በብርዱ ወራት አንድ ጧት፣ ጡረታ የወጡት የስፌት መምህርት የታጠፈ ፍራሽ ታቅፈው መጡ። የሳቸውን ነገር የማያውቅ የለም። ሴት ልጃቸው ከአራት ዓመት በፊት ሥራ ልትጠይቅ ብላ ከቤት እንደወጣች ቀረች። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ፣ አየሁ የሚል ሰው የለ። ባንክ የሚሠራው ወንደላጤ ልጃቸው እኔ ዘንድ ግቢ እያለ ቢለምናቸው፣ ልጄ የምታውቀው ይህን ቤት ብቻ ነው ብለው ንቅንቅ አላሉም።

«የሷ መኝታ ነው» አሉት ለጋሽ ትንፋሽ፣ ፍራሹን እየዘረጉ። «ድንገት ብትመጣ ብዬ ሁልጊዜ ነፍቼ አነጥፈዋለሁ። ጧት ስነሳ መሃሉ ሰርጎ አገኘዋለሁ። እስቲ ወንድሜ እየው።»

አየው። ባዶውን አንድ ቀን ቢያቆየው ፍንክች አላለም። ውሃ ውስጥ ነከረው፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም። ጄሪካኖቹን ሲጭንበት ግን በነጋታው አንድ ስንዝር ወርዶ ተገኘ፤ በትራሱ በኩል መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ሴትዮዋ ሲመለሱ ያገኘውን እንዳለ ነገራቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ፍራሽ የሚወርደው ሰው ሲተኛበት ብቻ ነው።»

«ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለም» አሉ። «እኔ ደግሞ የምተኛው አልጋዬ ላይ ነው።»

ጋሽ ትንፋሽ ትከሻውን ሰበቀ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታቸውን አልወደድኩትም። ስንጥቋን አትድፈናት ብለው ፍራሹን እንዳለ ይዘው ሄዱ።

በወሩ ልጃቸው አንገቱን ደፍቶ መጣ። እናቱ ከቤት መውጣት ትተዋል፤ ልጄ ሌሊት እየመጣች ትተኛበታለች እያሉ ወንበር ስበው ፍራሹ አጠገብ ይውላሉ፤ ምግብ ወደ አፋቸው አይቀርብም። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠሉ የብርዱን ወራት አይዘልቁትም ብሎታል። «ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው በሏት፤ በፈጠረዎት!» አለ።

«አልተሳሳትኩማ» አለ ጋሽ ትንፋሽ።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ከመደብሬ ካለው ሁሉ ጠንካራውን ፍራሽ እንምረጥ፤ አሮጌውን በሱ እንቀይረው፤ እናትየው አንድ ሌሊት ልጃቸው ዘንድ ይደሩ፣ ቤቱም ተቆልፎ ይደር። ፍራሹ ሳይወርድ ካደረ ማንም አልመጣም ማለት ነው። እሳቸውም፣ የሚገርመው፣ በዚህ ተስማሙ። «ከወረደ ግን ሁለተኛ ሂጂ የሚለኝ እንዳይኖር» አሉ። ጋሽ ትንፋሽ ብቻ ተነጫነጨ፤ ደህና ፍራሽ ሰው ቢተኛበትም አይወርድ፣ ይህ ፈተና ሳይሆን ማታለል ነው አለ። «አንተ ያየኸውን ብቻ ተናገር» አልኩት። ሴትዮዋ ሊሞቱ ነው ስንለው እጅ ሰጠ።

እንደዚያ ተጠንቅቄ ዕቃ መርጬ አላውቅም። ሥሩ ድርብ፣ መጋጠሚያው ሰፊ፣ ክዳኑ ሁለት። አዲስ ፍራሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ ጋሽ ትንፋሽ ሦስት ቀን ጄሪካን ጭኖ አለማመደው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ቤት፣ ልጅቷ ትተኛባት በነበረችው መስኮት የሌላት ጓዳ ውስጥ በእግር መንፊያው ነፋው፤ አንሶላ አለበስነው፤ ግድግዳው ላይ አሰመረ። በሩን ልጁ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በነጋታው አራታችንም መጣን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። መንገድ ላይ ጋሽ ትንፋሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለብርዱ አንድ ጣት እንተውለታለን» አለኝ። «አየር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በእንዲህ ያለ ሌሊት አንድ ጣት ሳይወርድ የሚያድር ፍራሽ አልተሠራም።»

ጓዳው ከውጭው ይብስ ነበር፤ ትንፋሻችን ይታያል። ጋሽ ትንፋሽ ተንበርክኮ ዓይኑን ከጠመኔው መስመር ጋር አስተካከለ። ቆየ። እጁን አንሶላው ላይ አሳረፈና ቶሎ ሰበሰበው።

«ወረደ?» አሉ እናትየው።

«አልወረደም እትዬ።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ አዝኖላቸው መሰለኝ። እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። በአራት ዓመት ውስጥ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። በሳምንቱ ዕቃቸውን ሸክፈው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ፍራሹንም አልፈልግም ብለው እዚያው ተዉት።

እኔ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ትንፋሽ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ገዢ የማይረባ ፍራሽ ቢያመጣለት እንኳ ዝም! ጎማ ገንዳው ውስጥ ነክሮ ይረሳዋል። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ በርጩማዬን ይዤ ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ወይ ተናገር፣ ወይ እዚሁ ነው የማመሸው» አልኩት።

«አንድ ጣት መውረድ ነበረበት» አለ።

«ጥሩ ፍራሽ መርጬ ነዋ!»

«ጥሩም ይወርዳል። ያልወረደው ስላልቀዘቀዘ ነው። እጄን ሳስቀምጥ ይሞቅ ነበር። ሰው ገና አሁን የተነሳበት ያህል።»

እኔ የማምነው በዋስትና ወረቀት እንጂ በመንፈስ አይደለም። ቢሆንም፣ ፀሐይ ይሆናል እንዳልል ጓዳዋ መስኮት የላትም። ቤቱ እስኪከራይ ይጠብቁልኝ ብሎ ልጁ ቁልፉን ለሱ ሰጥቶት ኖሯል፤ በየጧቱ ይሄዳል፤ ፍራሹም በየጧቱ ይሞቃል።

«ያየኸውን ብቻ ተናገር አልሽኝ፤ ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ» አለኝ። «እጄ ያወቀውን ዋጥኩት። ልጅቷ ትመጣለች፣ እናቷ የሉም። የለያየኋቸው እኔ ነኝ።»

ፈራሁ፤ እኔ ደግሞ ስፈራ እቆጣለሁ። «እንግዲያው የወንድሟን አድራሻ ንገራታ!» ብዬ ጮኼበት በርጩማዬን አንስቼ ወጣሁ። ለማሾፍ ነበር። ግን በዚያ ሰው ላይ ምን ይሾፋል? የነገሩትን ሁሉ ከልቡ ነው የሚቀበለው።

ከሁለት ቀን በኋላ እያፏጨ መጣ። ትናንት ፍራሹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ነግሯት ኖሯል፤ የትኛውን አውቶቡስ እንደምትይዝ፣ የት እንደምትወርድ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው አረንጓዴ በር። አንድ ሳይቀር።

«ዛሬ ጧት አንድ ጣት ወርዷል» አለኝ። «በረዶ ሆኗል። ሄዳለች።» ፊቱ በርቶ ነበር። ገንዳው ላይ አጎንብሶ ሥራውን ቀጠለ።

እኔ ግን መደብሬ ውስጥ አንድ ባልዲ እንኳ ማንሳት አቃተኝ። ልቤን ለማሳረፍ፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ መምህርቷ ዘንድ ደወልኩ። ልጃቸው በዚህ ሰዓት ባንክ ነው፤ ብቻቸውን ናቸው። ስልኩ ሁለት ጊዜ ሳይጠራ አነሱት።

«እንዴት ዋሉ እትዬ?» አልኩ፣ ድምፄን ለማድመቅ እየሞከርኩ።

«ቀስ በይ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ በሹክሹክታ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሰምቻቸው አላውቅም። «ብዙ መንገድ መጥታ ገና አሁን ነው የተኛችልኝ።»