የፋሲካው ቅያሪ

ባስ ስትሬት በሚባለው ባሕር ላይ፣ ከወለሉ ሥር ጋዝ በሚያወጣ የብረት መድረክ ላይ እሠራለሁ። ቫልቭና ቧንቧ እየዞርኩ አያለሁ፣ ግፊቱን እከታተላለሁ። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ ሁለት ሳምንት የብስ ላይ፣ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር ቤቴ። ቀያሪው በሄሊኮፕተር ካልደረሰ ተረኛው አይወጣም፤ ጋዙ እንደሆነ ፋሲካ ነው ብሎ አያርፍም።

ዘንድሮ የምገባው በሆሳዕና ማግስት ነበር። የምቀይራቸው ሰው እንደኔው አበሻ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። በዓሉን ቤቴ መዋል አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ብፈልግም አላገኝም። ሴት ልጃቸው ለፋሲካ ከምትኖርበት ከፐርዝ እንደምትመጣ እያወቅኩ መድረኩ ላይ ደወልኩላቸውና ያሳደገችኝ አክስቴ አረፈች አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነፍስ ይማር አሉና አንድ ሳምንት እንደሚጨምሩልኝ ነገሩኝ። ልጃቸው ከበዓሉ በኋላ እስከ ማክሰኞ ስለምትቆይ ይደርሱባታል።

እሑድ በዶሮ ወጥ ገደፍኩ። አክስቴም ደውላ እንኳን አደረሰህ አለችኝ።

ሰኞ ልቀይራቸው ስሄድ ጭጋግ ወደቀ። ሄሊኮፕተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነሳ ቀረ። ረቡዕ ሰማዩ ሲገለጥ ልጅቷ ወደ ፐርዝ ተመልሳ ነበር።

ጋሼ ከሄሊኮፕተሩ ወርደው መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አገኙኝ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። አቀፉኝና አገጬን ዳበስ አደረጉት። ጋዝ ካፈተለከ የምናጠልቀው ማስክ ጺም ላይ ስለማይገጥም፣ ወደ መድረኩ የሚገባ ሁሉ ተላጭቶ ነው።

"እናት ለሆነችህ ሴት ጺምህን እንኳ ሳታሳድግ" አሉኝ። "ይሄ ሥራ ሐዘን እንኳ አያስቀምጥ።"

አለቀስኩ። የኀፍረት ለቅሶ ነበር፤ እሳቸው ግን አይዞህ እያሉ አብረውኝ አነቡ። ልጅዎስ፣ ጋሼ፣ አልኳቸው።

"እሷማ በሕይወት አለች። ሌላ ጊዜ አገኛታለሁ።"

የምሄድበት ሰዓት ሲደርስ የአክስቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ ለአርባዋ ጸሎት ሊያስደርጉላት። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ስሟ ነው። ስልካቸው ላይ ጻፉት፣ በትክክል መጻፋቸውንም አሳዩኝ፤ እኔም ልክ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ተራችን ወደ ቀድሞው ቀኑ ተመልሶ ስንቀያየር ሁለቴ ተገናኝተናል፤ ሁለቴም ልናገር ብዬ ሳልናገር ቦርሳዬን አንስቼ ሄጃለሁ። አርባዋ የፊታችን እሑድ ነው። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ይቆሙላታል። አክስቴም እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች።