ያሻገረንን ሳንቆጥር

ክንፉ ሱዳን ውስጥ ካለችው ሀዋታ ከተማ የደረሰው በሰባ ሰባቱ ክረምት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአርማጭሆ በእግሩ መጥቶ ረሃድ ወንዝ ዳር ሲቆም፣ በበጋ ሰው እየረገጠው በሚያልፈው አሸዋ ላይ ቀይ ጎርፍ ይጋልብ ነበር። አሊ የሚባል አሻጋሪ በርሜሎች አስሮ፣ ሳንቃ ደርቦ የሠራት ታንኳ ነበረችው፤ ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋ ገመድ እየሳበ ሰው ያሻግርባታል። ያን ቀን ስድስት ሰው ጫነ። መሀል ሲደርሱ ጎርፉ ያመጣው ግንድ መታቸውና ታንኳዋ ተገለበጠች። ክንፉ ዋና አያውቅም። አንገቱን ይዞ ወደ ገመዱ የገፋው የአሊ እጅ ነበር።

ዳር ወጥተው፣ ውሃ እየተፉ፣ ተቆጠሩ። ቆጣሪው ክንፉ ነበር።

«ስድስት። ተመስገን፣ ሁላችንም አለን» አለ። ተቃቀፉ።

አሊን ያስታወሱት ሚስቱ ፈቲያ ከመንደር ሮጣ መጥታ «እሱስ?» ስትል ነው። ወንዙ አስከሬኑን የመለሰው በሦስተኛው ቀን ነበር።

ክንፉ እዚያው ቀረ። ዋና ተማረ፤ የአሊን ገመድ ያዘ፤ ሠላሳ ክረምት ሰው አሻገረ። አንድ ሕግ ነበረው። ተሳፋሪዎች ዳር ደርሰው ራሳቸውን ከቆጠሩ በኋላ «አንተም አንድ» ካላሉት ገመዱን አይለቅም። ነጋዴዎች «አያ ክንፉ፣ አንተንስ ወንዙም አይፈልግህ፣ ሥጋ የለህ» እያሉ ያሾፉበታል። አብሯቸው ይስቃል፤ ገመዱን ግን አይለቅም። ውሎ አድሮ የሰፈሩ ልማድ ሆነ።

ድልድይ ሲሠራ ሥራው ቀረ። ያኔ በሃምሳ ዓመቱ ፊደል ቆጠረ። ያስተማረው ሶፎኒያስ ነው፤ እናቱ አዝላው በክንፉ ታንኳ የተሻገረች፣ አሁን በዐረብኛ «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ የሚባል ሰው። ክንፉ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማዋን ታሪክ በደብተር ጻፈ፤ ክፉ ጎርፍ የመጣባቸውን ዓመታት፣ ጉድጓድ የቆፈሩትን፣ አሻጋሪዎቹን፣ ሐበሻውንም ሱዳናዊውንም። የመጀመሪያው ገጽ የአሊ ነበር። የራሱን ስም አልጻፈም። አሻጋሪ ራሱን አይቆጥርም፤ ሶፎኒያስ ይቆጥረኛል ብሎ ተወው።

ባለፈው ዓመት የከተማዋ ታሪክ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይነበብ ተባለ። ሶፎኒያስ ወደ ዐረብኛ ልመልሰው ብሎ ደብተሩን ወሰደ። ክንፉ የባልሽን ስም ትሰሚያለሽ ብሎ፣ ያረጀችውን ፈቲያን ደግፎ ወስዶ አጠገቡ አስቀመጣት።

ሶፎኒያስ «ከተማዋን የመሠረቱት» ብሎ ያነበበው ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ነጋዴዎች አባቶች ስም ነበር። «ሕዝቡም ወንዙን እየተሻገረ መጣ» አለና አለፈ። ጸሐፊው ኡስታዝ ሶፎኒያስ ነው ተባለ፤ ተጨበጨበ።

ፈቲያ ወደ ክንፉ ዘንበል ብላ «ጆሮዬ ነው ወይስ አላነበበውም?» አለች።

«አላነበበውም።»

ክንፉ ደብተሩን ሊቀበል ሄደ። የአሊ ገጽ በመምህር ቀይ እስክሪብቶ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰርዟል።

«አያ ክንፉ፣ ድግሱ የነጋዴዎቹ ነው» አለ ሶፎኒያስ፣ ዐይኑን ሰብሮ። «አሻጋሪ ደግሞ ማን ያስታውሳል ብለው ነው?»

«እናትህ ታስታውስ ነበር» አለው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ በፈቲያ ግቢ፣ የተሰረዘውን ገጽ ራሱ ወደ ዐረብኛ እየመለሰ አነበበላት። ጎረቤት ተሰብስቦ ሰማ። አንዱ «ሶፎኒያስን ይቅር በለው» ቢለው፣ ክንፉ ደብተሩን አጥፎ እንዲህ አለ፦

«ጎርፉን አልተቀየምኩትም፤ ጎርፉን እኔ አላሻገርኩትም። ይሄን ልጅ ግን አሻግሬዋለሁ፤ ቅያሜው ገና አልወጣልኝም። አልረግመውም፤ እኔም አንድ ቀን ስድስት ብዬ ቆጥሬ ደስ ብሎኛል። በዕድሜዬ የተማርኩት ትልቁ ነገር ፊደል አይደለም። ሰው ዳር ሲደርስ፣ ተመስገን ከማለቱ በፊት፣ ያሻገረውን ይቁጠር።»