የጣልኩት ሶፍትዌር

ኮምፒውተር ሲነሳ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ የሚል የመመረቂያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። መምህሬ ኦቦ ገመቹ «ማሽን ሰላምታ አይሰጥም» ብለው ጣሉኝ። እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።

በቀደም ሱሉልታ ላለ የምርምር ማዕከል፣ ተያይዘው እንደ አንድ በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ሲስተም በአንዴ የሚጭን ሶፍትዌር እንድንመርጥ እኔም እሳቸውም ተጠራን።

«በዚህኛው ለዓመታት ሠርቻለሁ» አሉ ኦቦ ገመቹ አንዱን መርጠው።

የመረጡት እሳቸው ስለሆኑ ብቻ፣ ሳላየው «የጀማሪ ሥራ ነው፤ ይጣል!» ብዬ ተሟገትኩ።

«እስቲ መጀመሪያ እየው» ብለው አስነሱት። ኮምፒውተሮቹ ተራ በተራ ተነሱ። በየስክሪኑ ላይ «አካም ቡልቴ» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ የእኔው የመመረቂያ ፕሮግራም ውስጡ ነበር።

ልናደድ ስል ሳቄ አመለጠኝ። ኦቦ ገመቹ እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ።

«ያኔ እኔ ጣልኩህ፤ ዛሬ ግን ራስህን የጣልከው አንተው ነህ!»