አራተኛው ሩብ

እትዬ ነዚሄ በቱርክ በክርሼሂር ከተማ መናኸሪያ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሎተሪ ሸጠዋል። እኔ አጠገባቸው የአውቶቡስ ትኬት እቆርጥ ስለነበር ነገሩን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውን ከአፋቸው ሰምቻለሁ።

እኛ ጋ አንድ ቁጥር በአራት ሩብ ተከፍሎ ይሸጣል፤ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዕድል ይካፈላሉ። አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ በወጣው የበዓል እጣ፣ ትልቁ ቁጥር በ41 የሚያልቅ ነበር። አራቱንም ሩብ የሸጡት እሳቸው ናቸው። ሦስቱ ባለዕድሎች በሳምንቱ ብቅ አሉ፤ አራተኛው ድምፁ ጠፋ። ያልተወሰደ እጣ የሚጠበቀው ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ለመንግሥት ይሆናል።

«ሰውየው ትዝ ይለኛል» አሉኝ። «እጁ በዋልነት ፍሬ አረንጓዴ ልጣጭ ጠቁሯል። በ41 የሚያልቅ ስጪኝ፣ የኢዝሚት ከተማ መኪና ሰሌዳ ቁጥር ነው፣ ልጄ እዚያ ወታደር ነው አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ ሣጥናቸውን እየዘጉ በሚኒባስ ወደ ዋልነት መንደሮቹ መሄድ ጀመሩ።

«ባል ነው እንዴ የጠፋብዎት?» አለ ሻይ ሻጩ ሹክሩ።

«ባል ቢሆንማ መች እፈልገው ነበር! ሻይህን ቅዳ።»

እኔም ምን እንደሚያለፋቸው ጠየቅኳቸው። «ዕድልዎን ይግዙ እያልኩ ስንቱን ጠርቻለሁ። የወጣለትን ሰው ሳላገኝ ብቀር በየትኛው አፌ ልጥራ?» አሉኝ።

የዋልነት ለቀማው አልፎ ብርዱ ሲገባ የሁሉም ሰው እጅ ንጹሕ ነው። ስለዚህ «ኢዝሚት ወታደር የሆነ ልጅ ያለው ማነው?» እያሉ በየመንደሩ ሹም ቤት ይጠይቁ ጀመር። አንዱ መንደር ውሻ አባረራቸው። ሌላው ጋ ለወንድ ልጅ ሚስት የሚፈልጉ መስሏቸው፣ ሦስት እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። በሙቀቱ ወራት ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አላቸውና ይተዉታል ስል፣ ምርኩዝ ገዝተው ሄዱ።

ጥቅምት ሲገባ፣ በአሥራ አራተኛው መንደር፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ዋልነት የሚያራግፍ ሰው ከላይ አያቸው። ዱርሱን ይባላል።

«ሎተሪ ሻጯ! ምን አመጣሽ?»

«እጣው ወጥቶልሃል! ሩቧ የት አለች?»

«ለልጄ በደብዳቤ ላክኋት። ላንተ ትሁን ብዬ።»

ወርዶ የሆነውን ነገራቸው። ልጁ ያልቺን ወታደር ሳለ አባትየው ሞተር ብስክሌቱን ሸጠበት። እሱም ተቀይሞ፣ አገልግሎቱን ሲጨርስ እዚያው ጎማ ፋብሪካ ገባ። አሥራ አንድ ደብዳቤ ተልኮለት ለአንዱም አልመለሰም።

«ደውልለት።»

«ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል።»

«እንግዲያው የኔን ይስማ።»

በመንደሩ ሹም ስልክ ወደ ፋብሪካው ደወሉ።

«ማን ልበል?» አለ ያልቺን።

«ሎተሪ ሻጭ ነኝ።»

«አልገዛም!» ብሎ ዘጋው።

መልሰው ደወሉ። «ደግመህ ብትዘጋ መጥቼ በርህ ላይ ነው የምቆመው። ዓመቱን ሙሉ መንደር ለመንደር ስፈልጋችሁ ነበር፤ ኢዝሚት አይርቀኝም! የአባትህን ደብዳቤዎች ጣልካቸው?»

«አልጣልኳቸውም። ግን አልከፈትኳቸውም።»

«የአምናውን የጥቅምት ደብዳቤ ክፈት።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያልቺን መናኸሪያችን ላይ ከአውቶቡስ ወረደ፤ ዱርሱን ሊቀበለው መጥቶ ነበር። ሩቧ በደረት ኪሱ፣ ያልተከፈቱት ደብዳቤዎች በፌስታል ናቸው። አባትና ልጅ ሳይተቃቀፉ ተፋጠው ቆሙ።

«ሞተሬን ለምን እንደሸጥክ ጽፈሃል?»

«በሁለተኛው ላይ አለ» አለ ዱርሱን መሬት መሬት እያየ።

ልጁ እዚያው መቀመጫዬ አጠገብ ሁለተኛውን ደብዳቤ ከፈተና አነበበው። ሞተሩ የተሸጠው ለእናቱ ቀዶ ሕክምና መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው። «ለምን በቃልህ አልነገርከኝም?» አለ ደብዳቤውን መልሶ እያጠፈ።

«በሥልጠና ላይ ነበርክ። እንዳትጨነቅ እናትህ ከለከለችኝ።»

እኔ ለአንካራ ሦስት ትኬት ልቆርጥ ስል እትዬ ነዚሄ ያዙኝ። «ሁለት ይበቃል። እኔ ሥራ አለብኝ።»

አንካራ ያለው የሎተሪ መሥሪያ ቤት ሩቧን አይቶ ተቀበላቸው፤ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ያልቺን የፋብሪካ ሥራውን አልለቀቀም፤ ለበዓል ግን መምጣት ጀመረ። ከአንካራ በተመለሱበት ቀን እናቱ መናኸሪያ ድረስ መጥታ እትዬ ነዚሄን አቅፋ አልለቅም አለች።

«ልቀቂኝ እንጂ እህቴ» አሉ እትዬ ነዚሄ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ደንበኞቼ እየሄዱብኝ ነው!»