ሰባኛው ደቂቃ

ዋልያዎቹ በሚጫወቱበት ቀን ሽማግሌው ከደዶ ገጠር በሚኒባስ ይመጡና ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን ከሚታይበት የሀያት ሻይ ቤት ይገባሉ። ስማቸውን ማንም አያውቅም። ቀኑ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ የአረንጓዴ ቱታቸውን ዚፕ እስከ አገጫቸው ዘግተው፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ይቀመጣሉ። ሻይ ቤቱን የሚያዘወትሩት ተማሪዎች ስለ ድሮው ብሔራዊ ቡድን ሲከራከሩ ስህተቱን ብቻ ያርማሉ። «እሱ እኮ በግራ ነበር የሚመታው፤ ቀኙ ለመቆሚያ ብቻ ነው።» እንዴት እንዳወቁ ሲጠየቁ ሻያቸውን ያማስላሉ።

ሀያትን የገረማት ግን ሌላ ነው። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው ዝቅ ብለው የጫማቸውን ክር ጠበቅ አድርገው ያስሩና ዚፓቸውን ይከፍታሉ። የሚሄዱ ይመስላታል፤ አይሄዱም። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ክሩን መልሰው ያላሉታል።

ባለፈው እሁድ አላስቻላትም።

«አባባ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጫማዎን የሚያስሩት ለምንድን ነው?»

«በወጣትነቴ የብሔራዊ ቡድን ተቀያሪ ነበርኩ፣ ልጄ። አንድ ቀን አሰልጣኙ ተነስና አሟሙቅ አለኝ። ሳልገባ ጨዋታው አለቀ።»

ፈገግ አሉ።

«እስከ ዛሬ ግን ተቀመጥ ያለኝ የለም።»