ጫካውን ዘጠኝ ላይ ያሰረችው ሉሪን

የብላክ ክሪክ መንደር ሰው ስለ ሉሪን ኮልብሩክ ሁለት ነገር አይክድም። በአንድሮስ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ ከእሷ የተሻለ ዓይን ያለው የለም፤ ምላሷ ግን ያዋርዳታል።

ዓይኗን ላስቀድም። ቦንፊሽ የሚሉት ዓሣ ጀርባው እንደ አሸዋ፣ ጎኑ እንደ መስታወት ስለሆነ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ አፍንጫህ ሥር ቆሞ አታየውም። ሉሪን ዓሣውን ትታ ጥላውን ትፈልጋለች፤ ጥላ ከሌለም የውሃው ገጽ የት ቦታ እንደተሸበሸበ ታያለች። አሥራ አንድ ዓመት በእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ጆኒኬክ የሚሉትን ቂጣ ስትጋግርና እንግዶችን ለዓሣ የሚመሩትን ወንዶች ምሳ ስትቋጥር፣ በመስኮት አሻግራ አይታ ዛሬ ከደቡቡ ጥግ ገብተዋል ትላቸው ነበር። ይስቁባታል። ስቀው ሲያበቁ ጀልባቸውን ወደ ደቡቡ ጥግ ያዞራሉ። እንግዶቻቸው ሲመለሱ በደስታ ሲፍለቀለቁ፣ ማን እንደጠቆማቸው አንዳቸውም አያስታውሱም።

ምላሷ ደግሞ እንዲህ ነው። የመሪ ሥራ በሰዓት ነው የሚነገረው። እንግዳው ከጀልባው አፍንጫ ላይ ማጥመጃውን ይዞ ይቆማል፤ መሪው ከኋላ፣ ከሞተሩ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ወጥቶ በረጅም መግፊያ ጀልባውን እየገፋ ዓሣ ይፈልጋል። ሲያይ በሰዓት ቁጥር ይጠራል። የጀልባው አፍንጫ አሥራ ሁለት ነው፤ ቀኝ ሦስት፣ ግራ ዘጠኝ። አሥራ አንድ ላይ፣ አርባ ጫማ ከተባለ እንግዳው ምንም ባያይ እንኳ ወደዚያ ይወረውራል፤ ከላባና ከጸጉር የተሠራችው ሐሰተኛ ሽሪምፕ ዓሣው ፊት ትወድቃለች።

ሉሪን ግን ያደገችው በአባቷ በሃርኮርት የስፖንጅ ጀልባ ላይ ነው። ከባሕር ወለል ስፖንጅ ለቅሞ የሚኖር ሰው ሰዓት አያውቅም። ለእሱ ዓለም ሁለት ጎን ነው ያላት፦ ማንግሮቭ የሚሉት የጨው ውሃ ዛፍ ያለበት ጫካ ጎንና ባሕሩ የሚጠቁርበት ጥልቅ ጎን። ጀልባ በየደቂቃው ስለሚዞር ቀኝ ግራ ማለት ዕብደት ነው ይል ነበር ሃርኮርት፤ ጫካው ግን ሲነጋም ሲመሽም እዚያው ነው። ሉሪንም ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ መስታወት በተገጠመለት ባልዲ የባሕሩን ወለል እያየች፣ ጫካ ጎን አባባ፣ ጥልቅ ጎን አባባ ስትል አደገች። ልቧ ሲረጋ በሰዓቱ አጠራር ከማንም አታንስም። ደሟ ሲሞቅ ግን አፏን ከፍቶ የሚወጣው የአባቷ ቋንቋ ነው።

ለመሪነት ፈቃድ ሁለቴ ተፈትና ሁለቴም የወደቀችው በዚሁ ነበር። የመጀመሪያው ፈታኝ ከዋናው ከተማ ከናሳው የመጣ ሰው ነው፤ ጫካ ጎን ስትለው ዞር ብሎ የትኛው ጫካ አላት፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ ዓሣው ሄደ። ሁለተኛው በደግነት ፈገግ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ጣላት። ከመውደቁ ይልቅ ያ ፈገግታ አንገበገባት፤ ሳምንት ሙሉ የሠራችው ምግብ ጨው በዝቶበት እንግዳው ሁሉ ውሃ ሲጠጣ ከረመ። ደንቡ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚለው። ያለፈ ካፒቴን ይባላል፤ ሦስተኛውን የወደቀ ግን ዕድሜ ልኩን ፈቃድ አይጠይቅም።

እና ሦስተኛው ፈታኝ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ካፒቴን ኤልካና ቦውሌግ።

ኤልካና ሰባን አልፈዋል፤ ከዚያ ውስጥ አርባውን የቆሙት ቆጥ ላይ ነው። እሳቸውም የስፖንጅ ለቃሚ ልጅ ናቸው፤ ግን ያንን አነጋገር ከአባቴ ጀልባ ጋር አስጥሜዋለሁ ብለው የሚኩራሩ፣ ወጣት መሪ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ቀኑን ሙሉ የማያናግሩ ሰው ነበሩ። ሴት ቆጥ ላይ ትውጣ ወይስ አትውጣ ተብለው ሲጠየቁ፣ ዓሣ ታሳየኝ እንጂ ቀሚሷ ምኔ ነው ብለዋል። ለሉሪን ይህ መልካም ዜና ነበር። ክፉው ዜና ሽማግሌው በሕይወታቸው ማንንም አዝነው አሳልፈው አለማወቃቸው ነው።

በፈተናው ጠዋት መሪዎቹ ወደቡ ላይ ተሰብስበው ጠበቋት። ሬናርድ የሚባለው፣ አፉ የማያርፈው፣ ጀልባዋን ስትፈታ ከሩቅ ጮኸባት።

«ሉሪን፣ ዛሬ ምሳችንን ማን ሊቋጥርልን ነው?»

«እጅ የለህም እንዴ? ወይስ እሱንም እኔ ላሳይህ?»

ሳቁ በሬናርድ ላይ ሆነ። እሷ ግን ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።

ዓሣው የሚሰማራበት ጥልቀት የሌለው የአሸዋ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ውሃው መጉደል ጀምሯል። ጊዜዋ ውሃው ከነጩ አሸዋ ላይ እስኪሸሽ ነው፤ በዚያ ውስጥ በእሷ ቃል አንድ ዓሣ መያዝ አለበት። ኤልካና ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሙና ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። የፈታኝ ደንብ ነው፤ ያለዚያ መነጽር የውሃው ነጸብራቅ ዓይን ያጠፋል፣ ዓሣ አይታይም። ስለዚህ ያላቸው ዓይን የእሷ አፍ ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓሦች በሥርዓቱ ጠራች። አንድ ሰዓት ላይ፣ ሃምሳ ጫማ፣ ወደ እኛ ይመጣሉ። ቁጥሩም ርቀቱም ልክ ነበር። ሽማግሌው ክንዳቸውን ሲያነሱ ግን አንድ ትንሽ ሻርክ ከየት መጣ ሳይባል መሐላቸው ገብቶ በተናቸው። ለዚህ ማንም አይወቀስም። ኤልካና ገመዱን ሰበሰቡ።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ባዶ አሸዋ ገፋች። ነፋሱ ጀልባውን አዙሮ አፍንጫውን ወደ ሰሜን መለሰባት፤ እሷም ልታቀናው ስትል ከማንግሮቩ ሥር አንድ ትልቅ ጅራት ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። ብቻውን ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ በዓመት አንዴ ቢታይ ነው። ደሟ ሞቀ።

«ጫካ ጎን፣ ካፒቴን። ሠላሳ ጫማ።»

ከአፏ እንደወጣ ነው ያወቀችው። ዓይኗን ልትጨፍን ስትል ግን ገመዱ በጆሮዋ አጠገብ ፉጨት እያሰማ አለፈ። ኤልካና ዞር አላሉም፣ የትኛው ጫካ አላሉም፤ ክንዳቸው ራሱ ሄዶ ሐሰተኛዋን ሽሪምፕ ዓሣው አፍ ላይ አስቀመጠ። ዓሣው ዋጣት። ገመዱ የተጠቀለለበት መዘውር ጮኸ፣ ገመዱ ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ ጥልቁ በረረ፤ ሽማግሌውም ሃያ ዓመት ከላያቸው የወረደ ያህል እየሳቁ የማጥመጃውን ዘንግ ወደ ሰማይ አነሡ። ሩብ ሰዓት ተሟገቱት። ወደ ጀልባው ጎን አምጥተው መንጠቆውን ነቅለው በእጃቸው ውሃ ውስጥ ደግፈው ለቀቁት። ቀና ሲሉ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«ምን ነበር ያልሽኝ?»

ሉሪን አፏን ሳትከፍት ቀደሟት።

«ሁለት ነው የሰማሁት» አሉ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ። ድምፃቸው ውስጥ አንድ የተከፈተ በር ነበር፤ ገብታ መዝጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

«ሁለት አላልኩም፣ ካፒቴን። ጫካ ጎን ነው ያልኩት። ሰዓት ብጠራ ኖሮ ግን ሁለት ማለት ነበረብኝ።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። የተያዙት እሳቸውም ነበሩ፤ አስጥሜዋለሁ ያሉት ቋንቋ ክንዳቸው ውስጥ በሕይወት ተገኝቷል። ተቆጥተው ይሁን አፍረው አልታወቀም።

«እንግዲያው አልተቆጠረም። እኔ የሰማሁሽ የስፖንጅ ለቃሚው የጆርዳን ቦውሌግ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ነገ እዚህ የሚቆመው እንግዳ ግን አባቱ ጠበቃ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሉሪን በውሸት ታልፍ የነበረውን ፈተና በእውነት ጣለችው ብላ በራሷ ተናደደች፤ ቀጥሎ በአባቷ ተናደደች፤ ቀጥሎ በማንግሮቩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የወጥ ቤቱን ግድግዳ በሰዓት ሥዕል ሞልታ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ቁጥር እየቆጠረች፣ ያንን የአባቷን ቃል ከአፏ ልታወጣ ታግላለች። አልወጣም። አይወጣምም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ቃሉ ካልወጣ ለምን ታስወጣዋለች? ዳርቻው እዚህ ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የጀልባውን አፍንጫ ወደ ደቡብ ካደረገችና ሳታዞር ከያዘችው ጫካው ምንጊዜም በግራ ነው። ጫካ ማለት ዘጠኝ፣ ጥልቅ ማለት ሦስት ይሆናል። አፏ ሲስት እንኳ ቁጥሩ እዚያው ይጠብቃታል።

ማንም መሪ እንደዚያ አይገፋም። ሌላው ዓሣውን እየተከተለ ጀልባውን ያዞራል፤ ይቀላል። ያንን ቀጥታ በምሥራቅ ነፋስ ላይ መጠበቅ ግን ጀልባውን በትከሻ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው። ሉሪን መግፊያውን በጥልቁ ጎን ተከለች፣ አፍንጫውን ወደ ደቡብ አቀናች፣ ክብደቷን ሁሉ ጣለችበትና ሄደች። ነፋሱ ይገፋል፣ እሷ ትመልሳለች። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ በወገቧ፣ ወገቧ እምቢ ሲል በጉልበቷ። ኤልካና ከእግራቸው በታች ያለው ጀልባ ንቅንቅ አለማለቱ ገርሟቸው አንዴ ወደ ኋላ ተመለከቱ።

ዓሦቹ ከማንግሮቩ ሥር የመጨረሻውን ውሃ ተከትለው ሲወጡ አየቻቸው። ስምንት ናቸው፣ ውሃው ላይ ሽብሽብታ ብቻ። ደሟ ሞቀ፣ ጫካ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ መጣና ወደ ቁጥር ተለወጠ።

«ዘጠኝ ላይ፣ ካፒቴን። ስልሳ ጫማ። ይቆዩ።»

ሽማግሌው ቆዩ።

«አሥር ሆኑ። ሃምሳ። ወደ ቀኝ እየሄዱ ነው። ገና ነው።»

ነፋሱ በረታ፤ አፍንጫው ሊዞር ሲል መግፊያውን አቅፋ ተንጠለጠለችበት፤ ጀልባው ቆመ።

«አሥራ አንድ። አርባ። አሁን ይወርውሩ።»

ገመዱ ሄደ።

«ይተዉት፣ ትውረድ። አሁን ትንሽ ይሳቡ። ያቁሙ። አንዱ ዞረ። ይሳቡ። ይሳቡ። በላ።»

ኤልካና ያዩት ነገር አልነበረም፤ እጃቸው ላይ የመጣውን ግን አርባ ዓመት ያውቁታል። ዘንጉ ጎበጠ፣ መዘውሩ ዳግም ጮኸ። ሉሪን ቆጡ ላይ ቆማ፣ እጇ ውኃ ቋጥሮ፣ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ሳቀች። አላፈረችም፤ ደስ ያለው ሰው ያለቅሳል። ይህኛው ዓሣ ከመጀመሪያው ግማሽ እንኳ አይሆንም ነበር፤ ለእሷ ግን በአንድሮስ ውሃ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ዓሣ አልነበረም።

ሽማግሌው ዓሣውን ለቀው፣ መነጽራቸውን አድርገው ዳርቻውን ከላይ እስከ ታች ቃኙ። ጀልባው የሄደበትን መሥመር አዩ፣ ጫካውን አዩ፣ ግራ ክንዳቸውን ዘርግተው ለኩ። ከዚያ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጫካውን ዘጠኝ ላይ አስረሽዋል» አሉ። «አርባ ዓመት ሁለቱን ቋንቋ ሳጣላ ኖሬአለሁ።»

«ይቆጠራል ታዲያ?»

«ውረጂ።»

አልተቆጠረም ማለት ነው ብላ መግፊያውን አስቀምጣ ወረደች። ኤልካና አጠገቧ አልፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ቆጡ ላይ ወጡና መግፊያውን አነሡ።

«ወደ ፊት ሂጂ፣ ካፒቴን። አንቺ ዛሬ አትገፊም።»

ከእንግዳ በስተቀር ማንንም በጀልባ ገፍተው አያውቁም፤ የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ። ሉሪን በጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ አሥራ ሁለት ላይ ቆመች። ሞተር ሳይነሣ፣ ሽማግሌው እየገፉ፣ ሳይቸኩሉ፣ መላው ብላክ ክሪክ አይቶ እንዲጠግብ ያህል ቀስ እያሉ ወደ ወደቡ መለሷት። እዚያ የቆሙት መሪዎች መጀመሪያ የጀልባውን ኋላ አዩ፣ ቀጥሎ ፊቱን አዩ፣ ከዚያ እንደገና ኋላውን።

ጀልባው የወደቡን እንጨት ሲነካ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኤልካና ከቆጡ ላይ ሆነው መግፊያውን አሸዋው ላይ ተከሉና እንደ ማንኛውም ቀን ድምፃቸውን ሳያነሡ፣

«ምን ትገተራላችሁ? ካፒቴኗ ልትወርድ ነው፤ ገመዷን ያዙላት» አሉ።

ሦስት ወንዶች ባንዴ አጎነበሱ።